አራት ኪሎ፦ በረካ እስኪደርስ የሚከራከሩበት ቡና ቤት

ቡናው ጥሩ ነው። መጀመሪያ ይሄን ልበል፤ ሰው ስለዚህ ቤት ሲያወራ ቡናውን ይረሳዋል። እዚያው ፊታችሁ ይታጠባል፣ ይቆላል። የቤቱ ባለቤት እትዬ ምጣዱን ይዘው በየሰዉ ፊት ያዞሩታል፤ ሰውም ጭሱን በእጁ ወደ ራሱ እየሳበ “እሰይ” ይላል። ጀበናው ሳይሰክን አይቀዳም። ብትቸኩሉም አይቀዳም። ሲኒዬ ውስጥ አተላ አግኝቼ አላውቅም። ስለ ሁሉም የጀበና ቡና ቤት እንዲህ ማለት አይቻልም።

ዋጋው ለየት ይላል። አቦል 40 ብር። ቶና 20 ብር። በረካ ነፃ። ሌላ ቦታ ሒሳቡ በሲኒ ነው፤ ሦስተኛውም እንደ መጀመሪያው ይከፈልበታል። እትዬን ለምን እንዲህ እንዳደረጉ ጠይቄያቸው ነበር። “ክርክር ጀምሮ በአቦል የሚነሣ ሰው አልወድም። ይቀመጥ፣ ይጨርሰው፣ በረካውን ጠጥቶ ይሂድ” አሉኝ። እኔም ይሄን የምጽፈው ስለዚያ ክርክር ነው።

ቤቱ ታፔላ የለውም። ከአራት ኪሎ የድል ሐውልት ወደ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በሚወስደው በኩል፣ አንድ አሮጌ ፎቅ ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ናት። እትዬ ድሮ መንገድ ዳር ላስቲክ ወጥረው ነበር የሚሠሩት። የኮሪደር ልማቱ በ2016 ከፒያሳ አራት ኪሎ ሲደርስ ተነሡ። ብዙዎቹ ጎረቤቶቻቸው የት እንደገቡ እንኳ አይታወቅም። እሳቸው ይቺን ክፍል ተከራዩ። ደንበኞቻቸውም ዱካቸውን ተሸክመው ተከተሏቸው። ዱካ ያልኩት በእውነት ነው፤ ሰዎቹ መቀመጫዎቹን ከመንገድ ዳር ወደ ውስጥ በእጃቸው ነው ያስገቡት።

አራት ኪሎን የሚያውቅ ሰው የጋዜጣ አከራዮቹን ያውቃል። በጥቂት ሳንቲም ጋዜጣ ተከራይቶ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ከፊት ገጽ እስከ ስፖርቱ አንብቦ መመለስ የሰፈሩ ወግ ነበር። አንባቢው ጋዜጣውን ከመመለሱ በፊት አጠገቡ ካለው ሰው ጋር ይከራከራል። ጋዜጣው እየቀነሰ ሄደ፤ ሰው ስልኩ ላይ ማንበብ ጀመረ። የተከራካሪው ዘር ግን አልጠፋም። ከእነዚያ ሰዎች የተረፉት ዛሬ እትዬ ጋ ናቸው። ጡረተኞች አሉ። የማተሚያ ቤት ሠራተኞች አሉ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የራይድ ሾፌሮች፣ እንደ እኔ በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት የሚውሉ ሰዎች አሉ።

ዘንድሮ ሰው ታክሲ ውስጥ ስለ ፖለቲካ አያወራም። ሬዲዮ ዜና ሲጀምር ሁሉም በመስኮት ወደ ውጭ ያያል። እዚሁ አካባቢ መስታወቱ የሚያብረቀርቅ አንድ ትልቅ ካፌ አለ። ማኪያቶውም ጥሩ ነው። ከጓደኞቼ ጋር ስለ ምርጫ ስናወራ አስተናጋጁ ጎንበስ ብሎ “እባካችሁ ሌላ ነገር አውሩ” አለን። አልተቆጣም፤ ፈርቶ ነው። ልጁ ላይ አልፈርድም። ግን ሰው ስለ አገሩ የሚነጋገርበት ቦታ ካጣ የት ይነጋገራል? ይሄን ቤት የማመሰግነው ለዚህ ነው።

አሁን ስለ አንድ ምሽት ልንገራችሁ። ቤቱ ምን እንደሚመስል ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ የለኝም።

ወሬውን የጀመረው ከዋሽንግተን ለእረፍት የመጣ ሰው ነው። እዚያ ረጅም ዘመን ታክሲ ነድቷል። ስለ ኑሮ ሲጠየቅ “ደህና ነው” ብሎ ስለ ልጁ ማውራት ጀመረ። ሁለተኛ ክፍል ናት። ትምህርት ቤታቸው ውስጥ ልጆቹ መደበቅ ይለማመዳሉ አለ። መምህሯ በሩን ትቆልፋለች። መብራት ይጠፋል። ልጆቹ ከመስኮቱ ርቀው ጥግ ላይ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። ትንፍሽ አይባልም። “ለእሳት አደጋ ነው?” አለ አንዱ። “አይደለም። ጠመንጃ የያዘ ሰው ቢገባ ነው” አለ።

ከሰሉን ታራግብ የነበረችው የእትዬ አጋዥ ማራገቢያውን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። እትዬ “ወይ እመብርሃን!” አሉ። ሰውዬው ቀጠለ። ኮኔቲከት በሚባለው ግዛት በፈረንጆች 2012 አንድ ወጣት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብቶ 20 ሕፃናትና 6 የትምህርት ቤቱን ሠራተኞች ገደለ። ሕፃናቱ ስድስትና ሰባት ዓመታቸው ነበር። “ያን ጊዜ አሁንስ ሕጉ ይጠብቃል ብለን ነበር። ምክር ቤታቸው መስማማት አቃተው” አለ።

አንድ ተማሪ ነበር፤ የሕግ ተማሪ ነው። “ታዲያ ለምን አይከለክሉም?” አለ።

የዋሽንግተኑ ሰው እንዲህ ባለ ነገር ያውቃል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። በደንብ ያውቃል። ሕገ መንግሥታቸው ላይ በፈረንጆች 1791 የገባ ሁለተኛ ማሻሻያ አለ፤ የሕዝቡ ጠመንጃ የመያዝና የመታጠቅ መብት አይነካም ይላል አለ። እሱ የሚኖርባት ዋሽንግተን በ1976 ሽጉጥ በቤት ማስቀመጥን የሚከለክል ሕግ አውጥታ ነበር። በ2008 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሻረው። ሰው ራሱን ለመከላከል በቤቱ ሽጉጥ መያዝ መብቱ ነው ተባለ። እንደ ጦር ሜዳ መሣሪያ ያሉትን ጠመንጃዎች ደግሞ በ1994 ለአሥር ዓመት ከልክለው ነበር። አሥር ዓመቱ ሲያልቅ አላደሱትም። “አሁን ከሰዉ ቁጥር የጠመንጃው ይበልጣል” አለ። ተማሪው ስልኩን አየ። እውነቱን ነው። ስሞል አርምስ ሰርቬይ የሚባለው የጥናት ተቋም በፈረንጆች 2018 ያወጣው ግምት በአሜሪካ ለ100 ሰው 120 ጠመንጃ ይላል።

እዚህ ላይ ጋሼ ሻምበል ገቡ። በቀድሞው ጦር ውስጥ ሻምበል ነበሩ፤ ሁሉም በማዕረጋቸው ነው የሚጠራቸው። ጦሩ በ1983 ሲበተን ያለ ሥራ ቀሩ። ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት፤ ቤቱ ግን ይሰማቸዋል።

“የፈረንጁን ተዉት። እዚህ በር ላይ ወጥታችሁ ያን ሐውልት እዩት” አሉ። “ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። ንጉሡ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ተመልሰው ገቡ። በመሐል ያሉትን አምስት ዓመታት ማን ነው የተዋጋው? መደበኛው ጦር ተበትኗል። ገበሬው ነው በጠመንጃው ዱር የገባው። ከወረራው በፊት እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ። ጣሊያን ፋብሪካ አላት፤ እኛ የለንም። ጎጆው ምሰሶ ላይ ምንሽርና ውጅግራ የተሰቀለለት ሰው ባይኖር ኖሮ ማን ይቆም ነበር?”

ዝም አልን። እውነት ነዋ። እኔም አያቴን አሰብኩ።

ዝም ያላለው ተማሪው ነው። ደፋር ልጅ ነው፤ ግን አንቱታውን አልረሳም። “ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አድዋን ይዘን ብንነሣ ሌላ ነገር እናገኛለን። ምኒልክ ከፈረንሳይ፣ ከሩሲያ፣ ከራሷ ከጣሊያን ሳይቀር ጠመንጃ አስገብተዋል። ለጦሩ ያከፋፈለው መንግሥት ነው። ሁሉም በየቤቱ እንደፈለገ ገዝቶ አይደለም።” ጋሼ ሻምበል ፈገግ አሉና “ጥሩ ተናግረሃል። ግማሹ ልክ ነው” አሉት። ግማሹ የቱ እንደሆነ ለማስረዳት አንድ ሙሉ ቶና ፈጀ። መልሳቸው ባጭሩ ይሄ ነው፦ መንግሥት ያከፋፈለውን ጠመንጃ ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይዞት የገባው ሰው፣ ልጁም የወረሰው ሰው፣ በ1928 የተገኘው እሱ ነው።

ከዚያ ወደ ራሳችን ሕግ ዞርን። እንግዲህ በዚህ ቤት በጣም የምወደው ነገር እዚህ ላይ ነው የሆነው።

አንዱ “ጠመንጃ እኮ ዛሬ ሙሉ በሙሉ ተከልክሏል” አለ። ሌላው “የለም፣ ገጠር ተፈቅዷል” አለ። ሦስተኛው “ሕግም የለም” አለ። ድምፅ ከፍ ከፍ ማለት ጀመረ። ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ፣ እስካሁን አንድም ቃል ያልተነፈሱ፣ “ቆይ” ብለው ተነሡ። ነጋሪት ጋዜጣ የሚታተመው ብርሃንና ሰላም ነው። ወጡና ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንድ ቅጂ በፕላስቲክ ይዘው ተመለሱ። “ክርክራችሁን በዚህ አድርጉት” አሉ።

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012። በግራ ዓምድ አማርኛ፣ በቀኝ ዓምድ እንግሊዝኛ። እጥፋቱ ላይ ቢጫ ሆኗል። የተወካዮች ምክር ቤት በታኅሣሥ 2012 መጨረሻ ነው ያጸደቀው። እኛ ከተቀመጥንበት ምክር ቤቱ በእግር ይደረሳል። ለተማሪው ሰጡትና ጮክ ብሎ አነበበ። እንደ ሃይማኖት መጽሐፍ ነበር የተደመጠው። ቃሉ ሲከብድ ጋሼ ሻምበል “ድገመው” ይሉታል።

ከንባቡ የያዝነው ይሄን ነው። ማንም ሰው ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ አይችልም። ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው ፌደራል ፖሊስ ነው። በልማድ መሣሪያ የያዘ ሰው ግን አስመዝግቦ ፈቃድ እንዲያወጣ መንገድ ተከፍቶለታል። ስለዚህ ሦስቱም ተከራካሪዎች ተሳስተዋል፤ ሁለተኛው ትንሽ ቀርቧል። አዋጁ የወጣው በምን ጊዜ እንደሆነ አስታወስን። በ2011 ሰኔ 15 ባሕር ዳር ላይ የክልሉ ርዕሰ መስተዳድር ዶክተር አምባቸው መኮንን፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹሙ ጄኔራል ሰዓረ መኮንን በጥይት ከተገደሉ ከወራት በኋላ ነበር። በየቦታው ግጭት ነበር። ሕጉ ከጸደቀ ዓመት ሳይሞላው ደግሞ በጥቅምት 2013 ጦርነት መጣ። ሕጉ ወረቀት ላይ ነበር፤ መሣሪያው ግን በዛ።

የራይድ ሾፌሩ የተናገረው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ሎንችን ይነዳ ነበር፤ አገር አቋራጭ ነበር የሚሠራው። “መንገድ ላይ የሚያግተኝ ሰው አስመዝግቦ ነው እንዴ ክላሹን የያዘው? አዋጁ እኔን ባዶ እጄን አስቀረኝ፤ እሱን አልነካውም” አለ። እገታውን የሚያውቅ ሰው መልስ አይቸኩልም። ከጎኔ የተቀመጠች፣ ፍርድ ቤት የምትሠራ ሴት፣ በረጅሙ ተነፈሰችና “ወንድሜ፣ ይገባኛል። ግን ስንት ሆነው ነው የሚመጡት? አንድ ክላሽ ይዘህ ብትተኩስ ከኋላህ የተቀመጡት ተሳፋሪዎች ምን ይሆናሉ?” አለችው። ሾፌሩ ሲኒውን በጣቱ እያዞረ ቆየ። “ለዚህ ነው ሥራውን የተውኩት” አለ። ሌላ ነገር አልጨመረም። አሁን ከቦሌ አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎ መገናኛ ይመላለሳል።

እትዬ ብዙ ጊዜ አይናገሩም። ቡና ይቀዳሉ፣ ዕጣን ይጨምራሉ። የዚያን ምሽት ግን ተናገሩ። በ1969 መጋቢት ልጅ ነበሩ፤ ጉለሌ ነበር ቤታቸው። ደርግ አዲስ አበባን ቤት ለቤት ያስፈተሸበት ጊዜ ነው። አባታቸው ከጣሊያን ዘመን የቀረ አንድ ሽጉጥ ነበራቸው። ተኩሰውበትም አያውቁም፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፣ ለበዓል ይወለወላል። አሰሳው ሊመጣ ነው ሲባል በሌሊት ተነሥተው ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣሉት። በማግሥቱ ፈታሾቹ መጡ። ፍራሹን ቀደዱት። የጤፍ ማሰሮውን ገለበጡት። ምንም አላገኙም። “ጎረቤታችን ጋ ግን አንድ ቀለህ ተገኘ” አሉ እትዬ። “ልጁ መንገድ ላይ አንሥቶ ይጫወትበት ነበር። አባትየውን ወሰዱት። አልተመለሰም።”

ከዚያ ቀና ብለው ለሁላችንም እንዲህ አሉ። “እኔ ጠመንጃ አልወድም። ቤቴ እንዲገባም አልፈልግም። ግን ‘ይሰበሰብ’ ስትሉ ማን ነው የሚሰበስበው ብዬ ሳልጠይቅ እሺ አልልም።”

ተማሪው መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተና ተወው።

እኔ የት እንደምቆም ልናገር። የተወለድኩት ምሥራቅ ጎጃም ነው። ከምሰሶው ላይ የአያቴ ምንሽር ተሰቅሎ ነው ያደግኩት። ጠመንጃ እኛ ጋ ክብር ነው። በሬ ሸጠው የሚገዙ ሰዎች አውቃለሁ። በሚስትና በርስት ቀልድ የለም ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ግን የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ ለደስታ የተተኮሰ ጥይት ዳሱን ቀዶ ወጣና፣ ጠላ ይቀዳ የነበረ የ12 ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ ተመልሶ ወረደ። ልጁ ዳነ። እጁ ግን ዛሬም ከትከሻው በላይ አይነሣም። የተኮሰው ሰው ክፉ አልነበረም፤ ሰክሮ ነበር። ሽማግሌ ገባ፣ ካሳ ተከፈለ፣ ታረቁ። ጠመንጃው ያው ምሰሶው ላይ ተመልሶ ተሰቀለ። ማንም “ይሄ መሣሪያ የማን ነው? ፈቃድ አለው? ሰውዬው መሣሪያ ሊይዝ ይገባዋል?” ብሎ አልጠየቀም። እኔ የምፈልገው ይሄ ጥያቄ እንዲጠየቅ ነው። መመዝገብ አለበት እላለሁ። የሚይዘው ሰው ጤናው፣ ጠባዩ፣ ዕድሜው መታየት አለበት እላለሁ። ይሄንኑ ተናገርኩ።

ጋሼ ሻምበል “አንቺ ልጅ፣ በዚህስ ካንቺ ጋር ነኝ። እኛ ለአንድ ወታደር ጠመንጃ ከመስጠታችን በፊት ስንት ወር ነበር የምናሠለጥነው! ያልሠለጠነ ሰው መሣሪያ ሲይዝ እኔም እፈራለሁ” አሉ። “ግን መዝጋቢው ነገ ዝርዝሩን ይዞ በሌሊት እንደማይመጣ ማን ዋስ ይሆነኛል?” የእትዬን ታሪክ ነው የመለሱልኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁንም የተሟላ መልስ የለኝም። የማምነው ግን ፈታሽ የፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝ እንዳለበት፣ የተወሰደበት ሰውም የሚከስበት ዳኛ እንደሚያስፈልገው ነው። የፍርድ ቤቷ ሴት ይሄን ስትሰማ እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች።

ሁልጊዜ እንዲህ በመልካም አይሄድም። ወሬው ወደ ቅርቡ ነገር ሲመጣ ከረረ። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 2015 ላይ ተፈረመ፤ ትጥቅ መፍታት አንዱ ነጥቡ ነበር። በዚያው ዓመት መጋቢት መጨረሻ ላይ መንግሥት የክልል ልዩ ኃይሎችን መልሼ አደራጃለሁ አለ። “መጀመሪያ የሚፈታው ማን ነው?” የሚለው ጥያቄ ከዚያ ወዲህ በየቤቱ አለ። እኛም ጋ ተነሣ። አንዱ ጎልማሳ ንዴቱ ገንፍሎ የአንድን ብሔር ስም ጠርቶ የማይባል ነገር ተናገረ።

እትዬ በመቆስቆሻው ምድጃውን ሁለቴ መቱት። “በሕግ አምላክ!” አሉ።

ቤቱ ቀጥ አለ። ይሄ የቤቱ ሕግ ነው። ስለ መንግሥት፣ ስለ ተቃዋሚ፣ ስለ ጠመንጃ፣ ስለ ዶላር የፈለጋችሁትን ትላላችሁ። ብሔር ጠርታችሁ አትሳደቡም። የተሳደበ ሰው ይቅርታ ይጠይቃል፤ ለቤቱ ሁሉ አንድ ዙር ይጋብዛል። እምቢ ካለ ከሚቀጥለው ቀን ጀምሮ ቡና አይቀዳለትም። ጎልማሳው ለአንድ አፍታ ፊቱን አዞረ። ከዚያ “ይቅርታ፣ ተሳስቻለሁ” አለና ኪሱ ገባ። በስድቡ የተነካው ሰው አጠገቡ ነበር የተቀመጠው። ሲኒውን ተቀበለው። ክርክሩ ከቆመበት ቀጠለ፤ ሰዎቹም እዚያው ጎን ለጎን ቀሩ። ተራ ነገር አይምሰላችሁ። እኔ በሠራሁባቸው ቢሮዎች እንዲህ ሲደረግ አይቼ አላውቅም። በ2014 አገራዊ ምክክር ኮሚሽን በአዋጅ ተቋቁሟል፤ ሥራው ሰውን ማነጋገር ነው። ኮሚሽነሮቹ አንድ ቀን መጥተው እትዬ እንዴት እንደሚያደርጉት ቢያዩ ደስ ይለኛል። ይሄን ከልቤ ነው የምለው።

ሁለተኛው ሕግ ስልክ ነው። ማንበብ ይቻላል። መቅረጽ አይቻልም። አንድ ጊዜ አንድ ልጅ የጋሼ ሻምበልን ንግግር በድብቅ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። ከመሐል የተቆረጠ ነበር፤ ያላሉትን ያሉ አስመሰላቸው። ሰፈር ውስጥ የሚያወግዛቸው ሰው መጣ። ለሳምንታት ከቤት አልወጡም። ከዚያ ወዲህ ስልኩን ቀና አድርጎ የያዘ ሰው ካለ የእትዬ አጋዥ ልጅቷ ሄዳ ፊቱ ትቆማለች። ምንም አትልም፤ ብቻ ትቆማለች። ጥሩ አድርጋለች።

አሁን የማያስደስተኝን ልናገር። ጭሱ መውጫ የለውም። መስኮቱ አንድ ነው፤ እሱም ግማሹ ካርቶን ነው። ከሰሉ ሲቀጣጠል ዓይን ያቃጥላል፤ አስም ያለበት ሰው በር አጠገብ ይቀመጥ። ዱካዎቹ ዝቅ ያሉ ናቸው፤ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ይቸገራል። ለጋሼ ሻምበል ብቻ ባለመደገፊያ ወንበር አለ፤ ሁለት ሦስት ቢጨመር ምን ነበረበት? ሽንት ቤቱ ከፎቁ ጀርባ የጋራ ነው፤ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ንጹሕ አይደለም። ፈንድሻው አንዳንዴ የጠዋት ነው፤ ማታ ላይ ይለሰልሳል። ቆሎው ግን ሁልጊዜ ትኩስ ነው፤ ገብሱና ሽምብራው ተመጣጥኖ ይቆላል። እሱን እዘዙ።

ሴቶች እናንሳለን። ብዙ ጊዜ ከእትዬና ከልጅቷ ሌላ ሴት እኔና የፍርድ ቤቷ ሴት ብቻ ነን። ማንም አያስቸግረንም፤ ስንናገርም ይደመጣል። ግን ስንበዛ ክርክሩ ይለወጣል። ስለ ጠመንጃ በተነሣው ክርክር “ልጁስ?”፣ “ተሳፋሪዎቹስ?” ብለን የጠየቅነው እኛ ነን። ስለዚህ እህቶቼ፣ ኑ።

ጋሼ ሻምበልና ተማሪው እስካሁን አልተስማሙም። ተማሪው ባለፈው ሰሞን ስለ አውስትራሊያ አንብቦ መጣ። በፈረንጆች 1996 አንድ ሰው ፖርት አርተር በሚባል ቦታ 35 ሰው ከገደለ በኋላ መንግሥት ወደ 650 ሺህ የሚጠጋ ጠመንጃ ከሕዝቡ ገዝቶ አጥፍቷል። “ገዝቶ ነው ያልከኝ?” አሉት ጋሼ ሻምበል። “አዎ፣ ከፍሎ ነው።” “እሱን ንገረኝ እንጂ” ብለው ወንበራቸውን ወደ እሱ አስጠጉ። ያን ቀን ሲነሡ መብራት በርቶ ነበር።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ክፍት ነው። እሑድ ዝግ ነው። ጠዋት ሰው ወደ ሥራ ስለሚሮጥ ቡና ብቻ ነው፤ ክርክር ከፈለጋችሁ ከ10 ሰዓት በኋላ ሂዱ። ቅዳሜ ከሰዓት በጣም ይሞላል። ክፍያ በጥሬ ብርም በቴሌብርም ይሆናል። ጤና አዳም የሚወድ ቀድሞ ይናገር። ጋሼ ሻምበል የሚቀመጡበት ወንበር በሩን ስትገቡ በስተቀኝ ያለው ነው፤ ባዶ ቢሆንም አትቀመጡበት፤ ዘግይተውም ቢሆን ይመጣሉ።